ጥማት ይጠብቀው የነበረ ተረተር

በመተማ ቆላ የእጣንን ሥራ የሚወስነው ውሃ ነው። የእጣን ዛፍ ድንጋያማ ተረተርና ስስ አፈር ይወዳል፤ ረጅሙን በጋ ያለ ዝናብ ቆሞ ያሳልፋል። ለቃሚው ግን ያለ ውሃ ግማሽ ቀን አይዘልቅም። ሥራዬ የካምፕ ኃላፊነት ስለነበር የእጣኑም የሰዉም ጉዳይ በእኔ እጅ ነበር፤ ከዛፉ እስከ ውሃው ያለውን መንገድም ለዓመታት ተመላልሼበታለሁ። ዛሬ የምጽፈው ያንን መንገድ ለማሳጠር ስላደረግነው ነገር፣ ካጠረ በኋላ በውስጤ ስለተነሳው ምኞትና ምኞቱን ስለገታው ትምህርት ነው።

ቆላውን የማያውቅ አንባቢ እንዲከተለኝ ከዛፉ ልጀምር። እዚህ የሚለቀመው ነጭ እጣን ቦስዌሊያ ፓፒሪፌራ ከሚባለው ዛፍ ይገኛል። ዛፉ ከመተማና ከቋራ ሌላ በትግራይና በቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ ከድንበር ማዶም በሱዳንና በኤርትራ ይበቅላል። ክረምቱ ሲወጣ ቅጠሉን ያራግፋል፤ የሚያብበውም በበጋው፣ በባዶ ቅርንጫፉ ላይ ነው። ለቃሚው ከጥቅምት አካባቢ ጀምሮ የክረምቱ ደመና እስኪመጣ ድረስ ይሠራል። መንጋፍ በሚሉት ስለታም መሣሪያ ከቅርፊቱ ላይ ስስ ልጥ ያነሳል። ከቁስሉ ነጭ ፈሳሽ ይወጣና እዚያው ግንዱ ላይ ረግቶ ይደርቃል። ለቃሚው በየጥቂት ሳምንቱ ተመልሶ የደረቀውን ይለቅማል፤ ያንኑ ቁስል በጥቂቱ አስፍቶ እንደገና ይከፍተዋል። የመጀመሪያዎቹ ዙሮች የሚሰጡት ጥቂት ነው። ዛፉ በደንብ የሚያፈሰው ቁስሉ ሲደጋገም ነው። በአንድ በጋ ከ8 እስከ 12 ዙር ይኬዳል።

ለቃሚዎቹ አብዛኞቹ ከደጋ የሚወርዱ ወጣቶች ናቸው፤ በመካከላቸው በዚህ ሥራ ላይ ያረጁም አሉ። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። በዚህ ሙቀት ከዛፍ ዛፍ ሲዞር የሚውል ሰው ለመጠጥ ብቻ በቀን 5 ሊትርና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ለምግብ ማብሰያና ለገላ መታጠቢያ የሚያስፈልገው ሌላ ነው። ጓንግና ሽንፋ በክረምት ሞልተው የሚያስፈሩ ወንዞች ናቸው፤ በጋው ሲገፋ ግን ይሳሳሉ፤ ትንንሾቹ ገባሮች ፈጽመው ይደርቃሉ። ያኔ ወደ ወንዙ ሆድ ወርዶ፣ አሸዋውን ቆፍሮ፣ ቀስ እያለ የሚሰበሰበውን ውሃ በጣሳ እየቀዱ ጀሪካን መሙላት ነው። አህያ ያለው በአህያ ይጭናል፤ የሌለው ይሸከማል።

ውሃ የመቅዳት ተራ የደረሰው ሰው ያን ቀን እጣን አይለቅምም። ክፍያው በኪሎ ነውና ከገቢው ይጎድልበታል። ስለዚህ ሁሉም ተራው እንዲርቅለት ይፈልጋል፤ እንዲርቅ ደግሞ ውሃ ይቆጥባል። ቁጠባው ከሰውነታቸው ይወጣ ነበር። ራስ ምታቱን፣ ማዞሩን፣ የኩላሊት ሕመሙን አየሁት። ከወባው ጋር ተደርቦ ጠንካራውን ልጅ በሳምንት ውስጥ ሲያደቀው አየሁ። ማታ ማታ ያስጨነቀኝ የእጣኑ ሚዛን አልነበረም ብል እዋሻለሁ፤ እሱም ያስጨንቀኝ ነበር። እየቆየ ግን የጥማቱ ነገር በለጠብኝ። የሰው ልጅ ለቤተ ክርስቲያን ማዕጠንት፣ ለቡና ሥርዓት፣ ለውጭ ገበያም የሚሄድ እጣን እየለቀመ፣ ራሱ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ሲያድር ማየት እንቅልፍ አይሰጥም።

ሐሳቡ የመጣልኝ ከሩቅ አገር ነው። ካናዳ ኬቤክ የሚኖር የአጎቴ ልጅ አለኝ። በበረዶው መጨረሻ ወራት የሜፕል ዛፍ ውሃ በሚሰበስብ እርሻ ይሠራ ነበር። በስልክ ስናወራ ሥራችን መመሳሰሉ ሁለታችንንም አስገረመን። እነሱም ግንድ ይበሳሉ፤ እነሱም ወቅት ጠብቀው ነው። ሌሊቱ በረዶ ሆኖ ቀኑ ሲሞቅ ከግንዱ እንደ ውሃ የቀጠነ ፈሳሽ ይወርዳል። ከ100 እጁ 2 ያህሉ ብቻ ስኳር ነው፤ 1 ሊትር ሽሮፕ ለማግኘት ወደ 40 ሊትር ማፍላት ያስፈልጋል። በትልልቆቹ እርሻዎች ፈሳሹ በፕላስቲክ ቱቦ ተስቦ እስከ ማፍያ ቤቱ ይሄዳል። ቱቦው በማይደርስበት ግን በየቦታው የተጠራቀመውን በመኪና ይሰበስቡታል። ከመኪናው ላይ ታንከር፣ ከታንከሩ አጠገብ ባትሪና በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ፓምፕ አለ። አንድ ሰው ብቻውን እየነዳ፣ እየቆመ፣ እየሳበ ያልፋል።

ያን የመሰለ ነገር በእጣን ላይ አይሠራም። እጣን በግንዱ ላይ የሚደርቅ ሙጫ ነው፤ በእጅ ካልተለቀመ በቱቦ አይሳብም። እኔን ያነቃኝ ሌላ ነገር ነው፤ ያው ፓምፕ ከአሸዋ ጉድጓድ ውሃ ማውጣት ይችላል። እኛ ዘንድ የሚጎድለው ደግሞ ውሃው ነበር፤ ስለዚህ እንዲህ ያለ ፓምፕ በመኪናችን ለመጫን ወሰንን።

የቤንዚን ፓምፕ ለምን አልተጠቀማችሁም የሚል ይኖራል። ድንበር ላይ ቤንዚን አንድ ቀን ይገኛል፣ ሳምንት ይጠፋል። ቢገኝም የመጠጥ ውሃ ከሚጫንበት መኪና ላይ ነዳጅ አብሮ መጫን ጠረኑን ወደ ውሃው ያመጣል። ከሁሉ የባሰው እሳት ነው። በጋ ላይ በመተማ ተረተር ያለው ሣር ደርቆ ከጉልበት በላይ ይቆማል፤ የጋለ ጭስ ማውጫ ያለው ሞተር እዚያ ውስጥ ማስነሳት በጫካው ላይ መፍረድ ነው። ባትሪ ጭስም ብልጭታም ሳያወጣ ሥራውን ይሠራል፤ በደንብ ከታሰረ።

በደንብ ማሰሩ ግን ራሱን የቻለ ትምህርት ነበር። የምንጠቀምበት መኪና አይሱዙ ነው። አይሱዙ 24 ቮልት ይሠራል፤ ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች ተከታትለው ተያይዘውበታል። ፓምፑ የሚፈልገው 12 ቮልት ነው። የመጀመሪያው ሐሳባችን ከሁለቱ ከአንደኛው ባትሪ ላይ መስመር መውሰድ ነበር። ጎንደር ያገኘነው የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ሳንነካው አስቆመን። ከአንዱ ብቻ ስትስቡ እሱ ይጎድላል፤ የመኪናው ቻርጅ ደግሞ ሁለቱን እኩል እያየ ያልተነካውን ያለ ልክ ይሞላዋል፤ በመጨረሻ ሁለቱንም ታጣላችሁ፤ መኪናውም በረሃ ላይ አይነሳላችሁም አለን። ምክሩ ለፓምፑ የራሱ ባትሪ እንድናደርግለት ነበር፤ ለረጅም ሰዓት ሥራ የተሠራ፣ 100 አምፔር ሰዓት የሚይዝ። መሙያው ከጋቢናው ጣሪያ ላይ የተጣለ ባለ 100 ዋት የፀሐይ ሰሌዳና መቆጣጠሪያው ሆነ። በቆላ ፀሐይ ሞልቷል።

ሌላውን ከሥራው ተማርን። ትንሽ ፓምፕ መግፋት ይችላል እንጂ ከጥልቀት መሳብ አይሆንለትም። ስለዚህ መኪናው ላይ ከማሰር ይልቅ ወደ ጉድጓዱ አፍ አውርዶ፣ ከዚያ ውሃውን ሽቅብ መኪናው ላይ ወዳለው ታንከር ማስገፋት ይሻላል። ፓምፑ ሲርቅ ገመዱ ይረዝማል፤ ቀጭን ገመድ ሲረዝም ኃይሉን በመንገድ ይበላና ፓምፑ ያቃስታል። ገመዱን አወፈርነው፤ ባትሪውንም በሁለት ሰው ተሸክመን ከፓምፑ አጠገብ ማስቀመጥ ለመድን። ከባትሪው አዎንታዊ ጫፍ ሥር ፊውዝ ገባ፤ ገመዱ ድንገት ተላልጦ ብረት ቢነካ እሳት ሳይነሳ እንዲቋረጥ ነው። አሸዋ የፓምፑን ሆድ ስለሚበላ የመሳቢያው ጫፍ በወንፊትና በጨርቅ ተጠቀለለ።

ሒሳቡ እንዲህ ነበር። ፓምፑ በደቂቃ 15 ሊትር ገደማ ያወጣል፤ 2,000 ሊትር የሚይዘውን ታንከር ለመሙላት ከሁለት ሰዓት ትንሽ ያልፋል። በዚያ ጊዜ ከባትሪው ሩብ ያህሉን ይወስዳል። እንዲህ ዓይነት ባትሪ ከግማሽ በታች ሲወርድ ዕድሜው ስለሚያጥር ሩቡ ሲሄድ ማቆሙ ጤናማ ነው፤ የጎደለውንም የአንድ ቀን ፀሐይ ይመልሰዋል። ሙቀት ባትሪን ስለሚገድል ጥላ ሠራንለት። ካምፕ ሲደርስ የመጠጡ ውሃ ተለይቶ ውሃ አጋር በሚባለው ማከሚያ ይታከማል። ነገሩ ሁሉ ከዚህ የተለየ ምስጢር የለውም።

ለውጡን ያየሁት በሰዎቹ ፊት ላይ ነው። የውሃ ተራ ቀረ። ማታ ገላውን ታጥቦ የሚተኛ ሰው በዛ። ወጡ ውሃ እየተቆጠበበት ሳይሆን እንደ ሰው ቤት ወጥ መሠራት ጀመረ። ሥራ ጥለው ወደ ደጋ የሚመለሱት ቀነሱ። በሕይወቴ ከሠራኋቸው ሥራዎች ሁሉ ያን ያህል ያስደሰተኝ የለም፤ ዛሬም ሳስበው ደስ ይለኛል።

ከዚያ ምኞቱ መጣ። ከካምፓችን ርቆ፣ ከገመገሙ ማዶ፣ ሁልጊዜ የምናየውና የማንደርስበት ተረተር ነበር። ዛፎቹ ወፋፍራም ናቸው፤ ግንዳቸው ላይ የቆየ ጠባሳ እንጂ ትኩስ ቁስል አይታይም። ለምን እንደተተወ ማንም አይጠይቅም ነበር፤ መልሱ ግልጽ ነው፤ ውሃ የለውም። አሁን ግን ውሃ በአይሱዙ ሊደርስ ይችላል። እኔ ማታ ወረቀት ይዤ ቁጭ አልኩ። ስንት ሰው፣ ስንት ዛፍ፣ ስንት ኩንታል እያልኩ ደመርኩ። እውነቱን ልናገር፣ ልቤ ሞቀ። አሠሪያችን የሚያመሰግነኝን ምስጋና አስቀድሜ ሰማሁት። ለለቃሚዎቹም ገቢ ነው፣ ለአገርም የውጭ ምንዛሪ ነው ብዬ ለምኞቴ ጥሩ ጥሩ ልብስ አለበስኩት።

በማግስቱ ሐሳቡን ለአንድ አዛውንት ለቃሚ ነገርኳቸው። በሥራው ከሁላችንም የቆዩ፣ ወጣቶቹ አባባ እያሉ የሚያማክሯቸው ሰው ናቸው። ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር። ዝም ብለው አዳመጡኝና፣ “ልጄ፣ ያን ተረተር የጠበቀው ማን ይመስልሃል?” አሉኝ። ጠባቂ እንዳለው አላውቅም አልኳቸው። “ጥማት ነው የጠበቀው” አሉ። “እኛማ ውሃ ብናገኝ ድሮ ጨርሰነው ነበር። በልጅነቴ እዚህ ቅርብ ያለው ዛፍ ሁሉ እንደዚያኛው ነበር። አሁን አንተ ጥማቱን አባረርክልን፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። ጠባቂውን ካባረርክ ግን ጥበቃው ባንተ ላይ ነው።”

ከዚያ ንግግር በኋላ ያችን የስሌት ወረቀት መመልከት ከበደኝ። ይዘውኝም ሄደው አሳዩኝ። በቅርቡ ጫካ፣ ካምፑ በሚሠራበት፣ የእጣን ዛፍ ልጅ ፈልግ አሉኝ። ፈለግሁ። ያገኘሁት ሁሉ አዋቂ ዛፍ ነው፤ ጎረምሳ ዛፍ የለም። አንዳንዱ ግንድ ሥር ደቃቅ የእንጨት ብናኝ ፈሷል። ቅርፊቱን በመንጋፋቸው ጫፍ ሲያነሱት ውስጡ በጥንዚዛ ትል ተቦርቡሯል። እንዲህ ያለው ዛፍ በነፋስ ይወድቃል፤ የሚተካው የለም።

ያየሁትን በጥናት የተጻፈ ነገር ሳፈላልግ አገኘሁት፤ የተጻፈውም ስለ እኛው ጫካ ነበር። አበጀ እሸቴ፣ ፒተር ግሩነንዳይክ፣ ፍራንስ ቦንገርስና ባልደረቦቻቸው እዚሁ መተማ አካባቢ ከ6,000 በላይ የእጣን ዛፎችን ለሁለት ዓመት ተከታትለዋል። በ2011 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ያወጡት ውጤት፣ ነገሩ በዚሁ ከቀጠለ የዛፉ ቁጥር በ50 ዓመት ውስጥ በ90 በመቶ ሊቀንስ፣ የእጣኑም ምርት በ15 ዓመት ውስጥ በግማሽ ሊወርድ እንደሚችል ያሳያል። በ2019 እ.ኤ.አ. ደግሞ ቦንገርስና ሌሎች ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያ፣ ከኤርትራና ከሱዳን የተሰበሰበ መረጃ አንድ ላይ ሲያዩት፣ ከጫካዎቹ ሦስት አራተኛ በሚበልጡት ወጣት ዛፍ የለም፤ ለአሥርት ዓመታት የተተካ ዛፍ አልነበረም።

አንድ ነገር ሳልደብቅ መናገር አለብኝ። የመተማው ጥናት ጥፋቱን ሁሉ በመንጋፉ ላይ አልጣለም። ያልተነኩ ዛፎችም ይሞታሉ። ዋነኞቹ ገዳዮች እሳት፣ ልቅ ግጦሽና ያ ጥንዚዛ ናቸው። ቁስሉ ደግሞ ሌላ ጉዳት አለው። በ2006 እ.ኤ.አ. ከኤርትራ የወጣ ጥናት እንደሚለው፣ ካልተነካ ዛፍ የተሰበሰበ ዘር ከ80 በመቶ በላይ ሲበቅል፣ በብርቱ ከተበጣው ዛፍ የተገኘው ዘር የሚበቅለው ከ16 በመቶ በታች ነው። ዛፉ ለዘር የሚያውለውን ጉልበት ለእጣን ያውለዋል ማለት ነው። አበጀ እሸቴና ባልደረቦቹ በመተማና በአበርገሌ ባደረጉት ሌላ ሥራ ደግሞ በአንድ ዛፍ ላይ ቁስል ሲበዛ ምርቱ ይጨምርና ከ9 ቁስል በኋላ ጭማሪው ይቆማል። ከዚያ በላይ መብጣት ለቃሚውንም አይጠቅም፤ ዛፉን ብቻ ያደክማል።

ለአጎቴ ልጅ እንደገና ደወልኩ። እናንተስ ፓምፑም ቱቦውም እያላችሁ ዛፉን የሚያሳርፈው ምንድን ነው አልኩት። ደንብ አለን አለኝ። የግንዱ ውፍረት 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሳይሞላ አይበሳም፤ መካከለኛው አንድ፣ ትልቁ ቢበዛ ሁለት ቀዳዳ ነው፤ የዘንድሮው ቀዳዳ ከአምናው ይርቃል። ማሽኑ በጠነከረ ቁጥር ደንቡን ያጠብቁታል እንጂ አያላሉትም። እዚያ ጥማት የሚጠብቀው ጫካ የለም፤ ሰው ነው የሚጠብቀው።

እኛም ተሰብስበን ተነጋገርን። ቀላል አልነበረም። በኪሎ የሚከፈለው ሰው ወፍራም ዛፍ እያየ ተወው ሲባል ከልጆቹ አፍ የተነጠቀ ይመስለዋል፤ መብቱም ነው። አዛውንቱ ባይኖሩ የእኔ ቃል ብቻውን አይሰማም ነበር። በመጨረሻ የተስማማነው ይህ ነው። ከገመገሙ ማዶ ያለው ተረተር አይነካም፤ አይሱዙውም ወደዚያ መንገድ አያወጣም። ቅርቡ ጫካ ተከፋፍሎ በየተራ ያርፋል። ቀጭን ዛፍ አይበጣም፤ ወፍራሙም ከ9 ቁስል አያልፍም። ለቃሚው የሚያጣውን ኪሎ ለማካካስ ከውሃ መቅዳት የተረፈው ቀን ሥራ ተገኘለት፤ በክረምቱ መውጫ የእሳት መከላከያ መስመር መጥረግና ያረፈውን ክፍል ከከብት መጠበቅ። ለዚህ የቀን አበል እንዲከፈል አሠሪያችንን ለመንን፤ ከጠየቅነው ያነሰ ቢሆንም ተፈቀደ። ያ ፓምፕም ሁለተኛ ሥራ አገኘ። እሳት በታየ ጊዜ ከታንከሩ ጋር ተጭኖ ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ሆነ፤ ጀርባ ላይ የሚታዘሉ መርጫዎችን ዳር ቆሞ ይሞላል።

ይህ ሁሉ ጫካውን አዳነው ብዬ አልጽፍም። የእጣን ዛፍ ችግኝ በየበጋው አናቱ እየደረቀ፣ በየክረምቱ ከሥሩ እያቆጠቆጠ ለብዙ ዓመት ከመሬት ሳይርቅ ይኖራል፤ ውጤቱን ለማየት ከእኔ የሥራ ዘመን የረዘመ ትዕግሥት ይፈልጋል። እኔ የማውቀው በእኔ ላይ የሆነውን ነው። ችግርን ማስወገድ ሁልጊዜ ንጹሕ በጎ ሥራ ነው ብዬ አምን ነበር። የተጠማን ማጠጣት በጎ ነው፤ በዚያ ላይ ዛሬም ጥርጣሬ የለኝም። ግን ችግሩ ራሱ ማንም ያልሾመው አጥር ሆኖ የሚኖርበት ጊዜ አለ። አጥሩ ሲነሳ ወዲያኛው ማዶ ያለው ነገር ሁሉ ለእጃችን ይጋለጣል።

ይህን በእጣን ላይ ካየሁ በኋላ በቆላው ሁሉ አየዋለሁ። ሜዳውን፣ ዛፉን በመጥረቢያ የመመንጠር ድካም ይጠብቀው ነበር፤ ትራክተር ሲመጣ ለሰሊጥና ለጥጥ ተመነጠረ። የሩቁን ጫካ ከከሰል አክሳይ መንገድ አልባነቱ ይጠብቀው ነበር፤ መንገድ ሲወጣ ጭነት መኪና ተከተለ። ትራክተሩም መንገዱም ሰው የሚፈልጋቸው ናቸው፤ ይቅሩ አልልም። የጎደለው ከጥማትና ከድካም ጥበቃውን የሚረከብ ሰው ነው።

ስለዚህ ወደ ቆላ ፓምፕ፣ የፀሐይ ሰሌዳ፣ ትራክተር ይዘው ለሚወርዱ ወጣቶች አንድ ምክር አለኝ። መሣሪያው የሚያቃልለውን ችግር ስትቆጥሩ፣ ያ ችግር ሲጠብቀው የኖረውንም አብራችሁ ቁጠሩ። አካባቢውን በእግሩ የሚያውቅ ሽማግሌ ፈልጉና እዚህ ቦታ ለምን እስካሁን አልተነካም ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ጥማት ከሆነ፣ ርቀት ከሆነ፣ ድካም ከሆነ፣ መሣሪያው ሥራ ከመጀመሩ በፊት የማይነካው ተረተር ይታወቅ፤ የሚጠብቀውም ሰው በስሙ ይመደብ። ውሃውንም ሳትሰስቱ አድርሱ፤ የተጠማ ሰው ጫካ አይጠብቅም።